ዝምታ ዜሮ አይደለም፤ ስለሚታለፉ ፓራሜትሮችና ስለ ነባሪ እሴቶች

በአገራችን ሻይ ቤት ገብቶ «ሻይ» ብሎ የሚያዝ ሰው ስለ ስኳር ምንም ሳይናገር አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ያለበት ሻይ ይቀርብለታል። ስኳር የማይፈልግ ከሆነ «ያለ ስኳር» ብሎ መናገር የእርሱ ፋንታ ነው። ይህ ተራ ልማድ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ስምምነቶችን ይዟል። አንደኛው ደንበኛው ስለ ስኳር ዝም ማለት ይችላል የሚል ነው፤ አስተናጋጁ «ስኳርስ?» ብሎ ሳይጠይቅ ትእዛዙን እንደ ተሟላ ይቀበላል። ሁለተኛው ደንበኛው ዝም ባለ ጊዜ የሚጨመረው ስኳር ምን ያህል እንደሆነ የሚወስን ነው፤ አንዱ ቤት ሁለት ማንኪያ፣ ሌላው ሦስት ማንኪያ ሊጨምር ይችላል። ስኳሩን ለብቻው አቅርቦ ውሳኔውን ለደንበኛው የሚተው ቤትም አለ። የመጀመሪያው ስምምነት የመተው ፈቃድ ሲሆን ሁለተኛው በተተወው ቦታ የሚገባው መጠን ነው። በዕለት ኑሯችን ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ እንደ አንድ ነገር እንቆጥራቸዋለን።

በኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍም እነዚህ ሁለት ስምምነቶች አሉ፤ እዚያም እንደ አንድ ሲቆጠሩ ይታያል። ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ ሁለቱን በአንድ መስመርና በአንድ የእኩል ምልክት ስለሚጽፋቸው ልዩነታቸውን ለማስተዋል አጋጣሚ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱን ማሳየት ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ መሆኑን፣ ይኸውም ሁለቱን አደባልቆ የሚሠራ ፕሮግራም ማንም ያልተናገረውን ነገር እንደ ተነገረ አድርጎ የሚመዘግብ መሆኑን ለመሟገትም ነው።

ሁለቱ ቃላትና ፍቺያቸው

ፈንክሽን ማለት አንድን ሥራ የሚያከናውን፣ ስም የተሰጠው የፕሮግራም ክፍል ነው። ፈንክሽኑ ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃ የሚቀበልባቸው ስም ያላቸው ቦታዎች ፓራሜትር ይባላሉ። የሻዩን ምሳሌ ወደ ፕሮግራም ብንለውጠው «ማዘዣ» የሚባል ፈንክሽን «መጠጥ» እና «ስኳር» የተባሉ ሁለት ፓራሜትሮች ይኖሩታል። ሁለቱም ግዴታ ከሆኑ ጠሪው «ማዘዣ(ሻይ፣ 2)» ብሎ መጻፍ አለበት። «ስኳር» የተባለውን ፓራሜትር መተው ከተፈቀደ ግን «ማዘዣ(ሻይ)» ማለት ይበቃዋል።

መተው የሚቻለውን ፓራሜትር ብዙዎች «አማራጭ ፓራሜትር» ይሉታል። በእኔ አስተያየት ይህ ቃል ያሳስታል፤ ምክንያቱም በአማርኛ «አማራጭ» ስንል ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነገሮች አንዱን መምረጥን እንረዳለን። እዚህ ግን የተፈቀደው መምረጥ ሳይሆን ማለፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የሚታለፍ ፓራሜትር» የሚለውን እንጠቀማለን። ጠሪው ባለፈው ቦታ የሚገባውን መጠን ደግሞ በአማርኛ በተተረጎሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እንደተለመደው «ነባሪ» እንለዋለን፤ ማንም ካልነካው ባለበት የሚኖር ማለት ነው። እንግዲህ የሚታለፍ መሆን የጠሪው መብት ነው፤ ነባሪ እሴት ደግሞ ጠሪው በመብቱ ሲጠቀም ቦታውን የሚይዝ ቁጥር፣ ቃል ወይም ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይከተላል። በብዙ ቋንቋዎች «ማዘዣ» የተባለው ፈንክሽን ሥራውን ሲጀምር በ«ስኳር» ቦታ የሚያገኘው 2 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ደንበኛው ራሱ «ሁለት» ብሎ ይሁን ወይም ዝም ብሎ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዝምታው በመንገድ ላይ ወደ ቁጥር ተለውጧል፤ ከተለወጠ በኋላም ዱካው ጠፍቷል።

ፕሮግራሙ በመስተዋት ፊት

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሪፍሌክሽን በሚባለው ዘዴ ነው። ሪፍሌክሽን አንድ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ስለ ራሱ ወይም ስለ ሌላ ፕሮግራም አሠራር እንዲጠይቅ የሚያስችል ነው፤ ፕሮግራሙ በመስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን እንደሚያይ ማለት ይቻላል። «ይህ ፈንክሽን ስንት ፓራሜትሮች አሉት? ስማቸው ማን ነው? ዓይነታቸውስ?» ብሎ ይጠይቃል። የመጠየቂያ ቅጾችን በራሳቸው የሚያዘጋጁ፣ ከኢንተርኔት የመጣን ጥያቄ ወደ ተገቢው ፈንክሽን የሚመሩ፣ ፈተናዎችን የሚያካሂዱና ማብራሪያ ሰነዶችን የሚጽፉ መሣሪያዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። መሣሪያው የፕሮግራሙ ደራሲ በልቡ ያሰበውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ሁለቱን ስምምነቶች ለይቶ መያዝ አለበት።

ለምሳሌ ያህል የማይክሮሶፍትን የዶት ኔት ሥርዓት እንመልከት። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፓራሜትር ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚቀመጥ መዝገብ አለው። በመዝገቡ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ። አንደኛው «የሚታለፍ ነው» የሚል ሲሆን የቁጥር ኮዱ 16 ነው። ሁለተኛው «ነባሪ እሴት ተመዝግቦለታል» የሚል ሲሆን ኮዱ 4096 ነው። ሁለቱ ምልክቶች አንዱ ያለ ሌላው ሊቀመጡ ስለሚችሉ አራት ሁኔታዎች ይፈጠራሉ።

የመጀመሪያው ሁኔታ ሁለቱም ምልክቶች የሌሉበት ነው፤ ይህ ተራ የግዴታ ፓራሜትር ነው። ሁለተኛው ሁለቱም ያሉበት ነው፤ በሲ ሻርፕ ቋንቋ ከፓራሜትሩ ስም ቀጥሎ የእኩል ምልክትና እሴት ስንጽፍ ይህ ይፈጠራል። ሦስተኛው የሚታለፍ ሆኖ ነባሪ እሴት ያልተመዘገበለት ነው። አራተኛው ነባሪ እሴት ተመዝግቦለት ማለፍ ግን ያልተፈቀደበት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ለጀማሪ እንግዳ ይመስላሉ፤ ሆኖም በሲ ሻርፕ ተገቢውን መለያ በፓራሜትሩ ላይ በመጻፍ ሁለቱንም መፍጠር ይቻላል።

ሦስተኛው ሁኔታ የታሪክ መሠረት አለው። የማይክሮሶፍት ወርድ ፕሮግራም በሌሎች ፕሮግራሞች ሲታዘዝ ሰነድ የሚከፍተው ፈንክሽን በኋለኞቹ ሥሪቶች 16 ፓራሜትሮች አሉት፤ ከፋይሉ ስም በቀር ሌሎቹ 15ቱ ሊታለፉ ይችላሉ። የሲ ሻርፕ አራተኛ ሥሪት እ.ኤ.አ. በ2010 እስኪወጣ ድረስ ቋንቋው ማለፍን ስለማያውቅ የሲ ሻርፕ ጸሐፊዎች ለአሥራ አምስቱም «ሚሲንግ» የተባለውን ልዩ እሴት ይልኩ ነበር፤ ትርጉሙም «እዚህ ላይ ምንም አልተናገርኩም» ማለት ነው። ይህ አሰልቺ ቢሆንም አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ ዝምታው እንደ ዝምታ ይተላለፍ ነበር።

በሲ ሻርፕ ሦስተኛው ሁኔታ ሲያጋጥም ምን ይሆናል? ፓራሜትሩ የሙሉ ቁጥር ዓይነት ከሆነና ጠሪው ካለፈው ኮምፓይለሩ 0 ይልካል። ማንም ዜሮ አላለም፤ የፈንክሽኑ ደራሲም ዜሮ ብሎ አልጻፈም። ነገር ግን ዝምታው ዜሮ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የተወሰደው ከዚህ ነው።

የሪፍሌክሽን አዘጋጆች ሌላም ችግር ገጥሟቸዋል። «የዚህ ፓራሜትር ነባሪ እሴት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እሴቱ «ነል»፣ ማለትም ባዶ፣ ሊሆን ይችላል። ነባሪ እሴት ፈጽሞ ከሌለስ መልሱ ምን ይሁን? እዚያም «ነል» ቢባል «ነባሪው ባዶ ነው» እና «ነባሪ የለም» የሚሉት መልሶች አይለዩም። ስለዚህ በዶት ኔት ነባሪ እሴት ለሌለው ፓራሜትር ሌላ ልዩ ነገር፣ «ዲቢ ነል» የተባለው፣ ይመለሳል። «ነባሪ አለውን?» ብሎ በቀጥታ የሚጠይቅ መንገድ የተጨመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በ4.5 ሥሪት ነው፤ ሥርዓቱ ለሕዝብ ከቀረበ ከ10 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፓይተን 3.3 ሥሪትም የፈንክሽንን ፓራሜትሮች የሚመረምር አዲስ መሣሪያ ሲያቀርብ ነባሪ ለሌለው ፓራሜትር የሚሆን ከ«ነን» የተለየ ምልክት አብሮ አቅርቧል። ሁለት የተለያዩ ማኅበረሰቦች ወደ አንድ መፍትሔ መድረሳቸው ልዩነቱ ከነገሩ ባሕርይ የመነጨ እንጂ የአንድ ኩባንያ ጠባይ እንዳልሆነ ያሳያል።

ነባሪው የሚኖረው የት ነው?

ሁለቱ ስምምነቶች የተለያዩ ለመሆናቸው ሌላው ማስረጃ ቋንቋዎች ነባሪውን የሚያስቀምጡበት ቦታ የተለያየ መሆኑ ነው። ሁሉም ማለፍን ይፈቅዳሉ፤ በታለፈው ቦታ የሚገባውን ማን፣ መቼ እንደሚወስን ግን አይስማሙም።

በሲ ሻርፕ ነባሪው የሚገባው በጠሪው ፕሮግራም ውስጥ ነው። «ማዘዣ(ሻይ)» ብለን ስንጽፍ ኮምፓይለሩ ጥሪውን «ማዘዣ(ሻይ፣ 2)» አድርጎ ያስቀምጠዋል። በኋላ የፈንክሽኑ ባለቤት ነባሪውን ከ2 ወደ 1 ቢቀይርና አዲሱን ላይብረሪ ብቻ ቢያሠራጭ፣ እንደገና ኮምፓይል ያልተደረገው የጠሪው ፕሮግራም 2 መላኩን ይቀጥላል። የቤቱ ደንብ ተለውጧል፤ ደንበኛው ግን የድሮውን ደንብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። በአንጻሩ በሪፍሌክሽን የሚጠራ መሣሪያ መዝገቡን የሚያነበው በሥራ ላይ እያለ ስለሆነ አዲሱን 1 ያገኛል። አንድ ፈንክሽን፣ አንድ ዝምታ፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ማለት ነው።

በፓይተን ነባሪው የሚሰላው ፈንክሽኑ በተፈጠረ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነባሪው ባዶ ዝርዝር ከሆነና ፈንክሽኑ በዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ከጨመረ ቀጣዩ ጥሪ ባዶ ያልሆነ ዝርዝር ያገኛል። ፓይተን የሚማሩ ተማሪዎች ብዙ ሰዓት ከሚያባክኑባቸው ስህተቶች አንዱ ይህ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ነባሪ እሴትን እ.ኤ.አ. በ2015 በቋንቋው ደረጃ ሲያስገባ በእያንዳንዱ ጥሪ እንደ አዲስ እንዲሰላ አደረገ። በዚያ ቋንቋ «አልተወሰነም» የሚል እሴት መላክ እንደ ማለፍ ይቆጠራል፤ «ነል» መላክ ግን እንደ መናገር ይቆጠራልና ነባሪው አይገባም።

የኮትሊን ቋንቋ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ አቋም ይዟል። በኮትሊን ሪፍሌክሽን «ይህ ፓራሜትር ይታለፋልን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «ነባሪው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም። ምክንያቱም ነባሪው በጥሪው ጊዜ የሚሰላ፣ ከእርሱ በፊት ባሉት ፓራሜትሮች ላይም ሊመሠረት የሚችል ስሌት ነው። መሣሪያው ፓራሜትሩን ሳይጠቅስ ይጠራል፤ የቀረውን ፈንክሽኑ ራሱ ይሞላል። በእኔ አመለካከት ትክክለኛው ድንበር ይህ ነው። ማለፍ መቻል ለጠሪው የተሰጠ ቃል ስለሆነ ለሁሉም ሊታወቅ ይገባል። በታለፈው ቦታ የሚገባው ግን የቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነው።

ትእዛዝና ምስክርነት

እስካሁን የተነሳው ነገር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚገድ ሊመስል ይችላል። በተግባር ግን ጉዳዩ ኮምፒውተር ነክተው ወደማያውቁ ሰዎች ደጃፍ ይደርሳል።

በአሜሪካ ማክስማይንድ የተባለ ድርጅት አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ከየትኛው አካባቢ እንደሆነ የሚገምት የመረጃ ቋት ያቀርባል። ስለ አንዳንድ አድራሻዎች የሚታወቀው አሜሪካ ውስጥ መሆናቸው ብቻ ነው። ድርጅቱ ለእነዚህ ነባሪ እንዲሆን የአገሪቱን መካከለኛ ቦታ ወደ ክብ ቁጥር አጠጋግቶ 38 ዲግሪ ሰሜን፣ 97 ዲግሪ ምዕራብ የሚል ነጥብ መረጠ። ነጥቡ የሚያርፈው በካንሳስ ግዛት ፖትዊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ የእርሻ ቤት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ እንደገለጸው ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ወደዚያ ነጥብ ይጠቁሙ ነበር። በዚህም የተነሳ ፖሊሶች፣ የግብር መርማሪዎች፣ በኢንተርኔት ተታለልን ያሉ የተቆጡ ሰዎች ለዓመታት ወደዚያ ቤት ይመላለሱ ነበር። የቤቱ ነዋሪዎች ምንም አላጠፉም፤ ጥፋተኛው «አላውቅም» ማለት ያልቻለ መዝገብ ነው።

ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ ድርጅቱ ነጥቡን ከዊቺታ ከተማ በስተምዕራብ ወዳለ ሐይቅ አዛወረው። ይህ ለቤቱ ነዋሪዎች እፎይታ ነው። ነገር ግን እንደ ፕሮግራም አሠራር ስንመዝነው የተቀየረው የነባሪው መጠን እንጂ ስህተቱ አይደለም። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ነጥቡን ብቻ ካየ አሁንም የታወቀ ቦታ ያየ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ በዚያ ቦታ የሚያንኳኳው በር አለመኖሩ ነው።

ከእኛ ወገኖች ሕይወት ጋር የሚገናኝ ምሳሌም አለ። ወደ አሜሪካ ከሄዱ ስደተኞች መካከል፣ ከኢትዮጵያና ከጎረቤት አገሮች የሄዱትን ጨምሮ፣ የተወለዱበትን ቀን የሚያሳይ ሰነድ የሌላቸው ብዙዎች በሰነዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የሚል የልደት ቀን ተጽፎላቸዋል። ቅጹ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል አንድ ቀን መጻፍ ነበረበት። በአገራችን ብዙ ወላጆች የልጃቸውን መወለድ ከመኸር ወይም ከክፉና ደግ ዘመን ጋር አያይዘው ያስታውሳሉ እንጂ ቀኑን በጽሑፍ አያስቀምጡም። «ዓመቱ ይታወቃል፤ ቀኑ አልተመዘገበም» የሚለው እውነተኛ መልስ ነበር። ቅጹ ግን ይህን መልስ አላውቀውም አለ። ከጊዜ በኋላ መዝገቡን የሚያየው ሰው የተወለዱት በዚያ ቀን ነው ብሎ ይቀበላል።

ወደ ራሳችን ግቢ ስንመለስ፣ ሦስት ተማሪዎች ያሉበትን የፈተና መዝገብ እናስብ። አንዷ 18፣ ሁለተኛው 12 አገኙ፤ ሦስተኛው ታሞ አልተፈተነም። «ውጤት» የተባለው ፓራሜትር የሚታለፍ ሆኖ ነባሪው 0 ቢሆን አማካዩ 10 ይሆናል፤ አለመፈተኑ በትክክል ቢመዘገብ ግን የሁለቱ ተፈታኞች አማካይ 15 ነው። የከፋው ነገር አማካዩ አይደለም። ታሞ የቀረው ተማሪ ተፈትኖ ዜሮ ካገኘ ተማሪ ጋር በአንድ ሚዛን ተቀምጧል፤ ከመዝገቡ ተነስቶ ሁለቱን መለየት የሚችል ማንም የለም። የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች ያልተሟላ ውጤትን ከወደቀ ውጤት ለይተው የሚመዘግቡበት ልዩ ፊደል ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስንሸጋገር ይህን ጥበብ መጣል የለብንም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። ለፈንክሽን የምንልከው ነገር ወይ ትእዛዝ ነው፣ ወይ ምስክርነት ነው። የስኳር መጠን፣ የፊደል ቁመት፣ በአንድ ገጽ የሚታዩ መስመሮች ብዛት ትእዛዞች ናቸው፤ ታዛዡ ዝም ካለ ቤቱ በልማዱ ቢወስን ማንም አይጎዳም። የልደት ቀን፣ የፈተና ውጤት፣ የቦታ አድራሻ፣ የሕመምተኛ የሙቀት መጠን ግን ስለ ዓለም የሚሰጡ ምስክርነቶች ናቸው። ምስክር ዝም ካለ ቃሉን ሌላ ሰው አይሰጥለትም። ነባሪ እሴት ለትእዛዝ ይሆናል፤ ለምስክርነት አይሆንም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ይህ ፀጉር ስንጠቃ ነው፤ በተግባር የሚታለፍ ፓራሜትር ሁሉ ነባሪ አለው፤ ነባሪ ያለውም ሁሉ ይታለፋል» ይሉ ይሆናል። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ፕሮግራም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አላቸው። ነገር ግን የሪፍሌክሽን መሣሪያ የሚያነበው እርሱ ያልጻፈውን፣ ምናልባትም በሌላ ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ነው። «ነባሪ አለው፤ ስለዚህ ይታለፋል» ብሎ የሚደመድም መሣሪያ አራተኛው ሁኔታ ሲያጋጥመው ይሳሳታል፤ «ይታለፋል፤ ስለዚህ ነባሪ አለው» የሚለውም በሦስተኛው ሁኔታ ይወድቃል።

ሌሎች ደግሞ «ጃቫ ከመጀመሪያ ሥሪቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚታለፍ ፓራሜትር ሳይኖረው ይሠራል፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ተቃውሞ በሚገባ ሲመረመር የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። በጃቫ አንድን ነገር ማለፍ ሲያስፈልግ በዚያው ስም ፓራሜትሩ የሌለበት ሌላ አጭር ሜተድ ይጻፋል፤ አጭሩም ረጅሙን ይጠራል። ስለዚህ ማለፍ መቻል በአጭሩ ሜተድ መኖር ይገለጻል፤ ነባሪው ደግሞ በውስጡ ይደበቃል። ሁለቱ ስምምነቶች ሳይደባለቁ በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ዋጋው ተጨማሪ ጽሕፈት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የወጪ ጥያቄ ነው። «የእያንዳንዱን እሴት ዝምታ ለይቶ መያዝ ተጨማሪ ቦታ፣ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ፣ ተጨማሪ ድካም ይጠይቃል» ይባላል። እውነት ነው። አሮጌው ቪዥዋል ቤዚክ እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ዓ.ም. ስድስተኛ ሥሪቱ ድረስ አንድ ፈንክሽን «ይህ ፓራሜትር ታልፏልን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት መንገድ ነበረው፤ ያም የሚሠራው ማንኛውንም ዓይነት እሴት ለሚይዝ አንድ የፓራሜትር ዓይነት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ቋንቋው ወደ ዶት ኔት ሲሸጋገር ጥያቄው ተሠረዘ፤ የሚታለፍ ፓራሜትር ሁሉ ነባሪ እንዲጻፍለትም ግዴታ ሆነ። አሠራሩ ቀለለ፤ ዝምታን የማወቅ ችሎታ ግን ጠፋ። የእኔ መልስ ወጪው በሁሉም ቦታ ይከፈል የሚል አይደለም። ለስኳር መክፈል አያስፈልግም፤ ለፈተና ውጤት ግን ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ የእኩል ምልክቱን ከመጻፉ በፊት «የምቀበለው ትእዛዝ ነው ወይስ ምስክርነት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ትእዛዝ ከሆነ ነባሪ ይጻፍለት። ምስክርነት ከሆነ ወይ ግዴታ ያድርገው፣ ወይ «አልተነገረም» የሚል ግልጽ ምልክት ይስጠው። መሣሪያው በእጃችን ነው፤ ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባዶ ሊሆን የሚችል የቁጥር ዓይነት አለው፤ በፓይተን «ነን» ወይም ለዚሁ ተብሎ የተፈጠረ ልዩ ምልክት ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ በሪፍሌክሽን የሚሠራ መሣሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ይጠይቅ፤ ከአንዱ መልስ የሌላውን አይገምት። መሣሪያው ቅጽ የሚያዘጋጅ ከሆነም የታለፈውን ቦታ በነባሪው ሞልቶ ተጠቃሚው እንደ ጻፈው አድርጎ አያሳይ።

ሦስተኛ፣ መምህራን ለዚህ ጉዳይ አንድ የላቦራቶሪ ሰዓት ቢመድቡ ትርፉ ብዙ ነው። ተማሪዎች አራቱንም ሁኔታዎች የያዘ አንድ ፈንክሽን ይጻፉ፤ በሪፍሌክሽን መርምረው ውጤቱን ያትሙ፤ ከዚያም ነባሪውን ቀይረው ላይብረሪውን ብቻ ኮምፓይል በማድረግ አሮጌው ጥሪ ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። በመጽሐፍ ሲነበብ የማይጨበጠው ነገር በዓይን ሲታይ ይገባል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ወርቅ ከሆነ ደግሞ በሌላ ማዕድን ሊለወጥ አይገባውም። አስተናጋጁ በልማዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢጨምር ጥፋት የለበትም፤ ሻዩ ይጠጣል፣ ነገሩም ያበቃል። ጥፋት የሚሆነው በመዝገቡ ላይ «ደንበኛው ሁለት አለ» ብሎ ከጻፈ ነው። የነገ መዝገቦችን የሚያዘጋጁት የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰው ያልተናገረውን «አልተናገረም» ብለው የሚጽፉ መዝገቦች ያዘጋጁልን።